ነፋስ መውጫ ቆሜ ሳለሁ «ከነፋስ መውጫ ቀርተሻል» ስለመባሌ

ቀን፦ የካቲት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለስፖርት ክበባት ቅሬታ ሰሚ ክፍል ኃላፊ
ደብረ ታቦር

አመልካች፦ ብርነሽ ካሴ፣ የጉና ሸራ ጀልባ ክበብ በጎ ፈቃደኛ

ጉዳዩ፦ ያለ ጥፋቴ ከውድድር ባንዲራ ያዥነት ተነስቼ ወደ ሻይ አፍይነት እንድዛወር የተላለፈብኝ ውሳኔ እንዲሻርልኝ አቤት ስለማለት

ክቡር ሆይ፣

ደጅዎ ላይ የኳስ ሜዳና የመረብ ኳስ ጉዳይ ይዘው የተሰለፉ ሰዎች እንዳሉ አይቻለሁ። የእኔ ጉዳይ የነፋስ ጉዳይ በመሆኑ ቀላል ሊመስል ይችላል። ክብደቱ ግን ያረፈው እኔ ላይ ስለሆነ እንዲህ አመለክታለሁ።

1. ስለ ክበቡ። ደብረ ታቦር ሐይቅ እንደሌላት ክቡርነትዎ ያውቃሉ፤ ክበቡም ያውቃል። ሆኖም ሊቀመንበሩ አቶ ሙላቴ በምሥረታው ዕለት «ጣና እንደሆነ የትም አይሄድብንም፤ ስንፈልግ እኛ እንወርዳለን» ብለው በጭብጨባ ስላሳለፉት ክበቡ ተቋቋመ። ስሙም በጉና ተራራ ተሰየመ። «ጀልባና ተራራ ምን አገናኛቸው?» ያለ አንድ አባል «ኖኅስ መርከቡን የት ነው ያቆመው?» ተብሎ ተቀምጧል።

2. ስለ እኔ። ዐረብ ሀገር ሳለሁ የምሠራበት ቤት ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነበር። የወጥ ቤቱ መስኮት ወደ ባሕር ያያል። ዓርብ ዓርብ ሰሃን እያጠብኩ የሸራ ጀልባዎችን ውድድር እመለከት ነበር። መስኮቱ ስለማይከፈት ድምፅ የለውም። አንዲት ነጥብ የምታክል ሴት ዳር ቆማ ባንዲራ ትሰቅላለች፣ ታወርዳለች፤ ያ ሁሉ ጀልባ ይታዘዛታል። እኔን በዚያ ቤት ድመቷ እንኳ አትታዘዘኝም ነበር። ወደ አገሬ ተመልሼ ክበቡ በጎ ፈቃደኞች እንደሚያሠለጥን ስሰማ የተመዘገብኩት አንድ ቀን እንደዚያች ሴት ውሃው አጠገብ ልቁም ብዬ ነው። «ልምድ አለሽ?» ተባልኩ። «ከላይ አይቻለሁ» አልኩ። ከቀሩት አመልካቾች ውስጥ ጀልባን ከላይም ከታችም ያየ ስላልተገኘ አለፍኩ።

3. ስለ ሥልጠናው። ሥልጠናው የተሰጠን ኳስ ሜዳ ላይ ነው። የፕላስቲክ ወንበር ጀልባ ሆነ፤ ቢጫ ጀሪካን የመዞሪያ ምልክት ሆነ፤ ከእድር የተዋስነው ድንኳን ሸራ ሆነ። አሠልጣኛችን አቶ ደረጄ ስፖርቱን ከስልካቸው ላይ የተማሩ ቢሆንም ጩኸታቸው የባሕር ነው። ጓደኛዬ እቴነሽ ለነፍስ አድን ጀልባ ተመድባ፣ ሰምጧል የተባለውን ልጅ ከሣሩ ላይ በገመድ ስትጎትት ሱሪውን ቀደደችበት፤ ሰማጩ እስከ ዛሬ ይዝትባታል።

የእኔ ሥራ ፊሽካ ነፍቶ ሰማያዊውን ባንዲራ መስቀል ነው፤ «ተዘጋጁ» ማለት ነው። ሲወርድ «ሂዱ» ማለት ነው። ያስቸገረን ነገር ቢኖር ፊሽካና ባንዲራ አብረው ሲመጡ የአገራችን ሰው ቀጥ ብሎ መቆምን ከትምህርት ቤት ስለለመደ፣ ባንዲራዬን በሰቀልኩ ቁጥር መንገደኛው ሁሉ ሸክሙን እንደተሸከመ ይገተር ነበር። «ኧረ ይሄ የጀልባ ነው፤ ቀለሙን አታዩትም?» ብንላቸው አንዲት እናት «የሌላ አገር ቢሆንስ ልጄ፣ ማክበሩ ምን ይከፋል?» ብለውናል።

4. ስለ ትዕዛዙ። ክቡር ሆይ፣ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጣና ላይ ሊደረግ በነበረው ውድድር ዋዜማ አሠልጣኝ ደረጄ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት እንዲህ ሲሉ ምደባ ላኩ፦ «እቴነሽ ጀልባው ላይ፣ ሰዓት ያዥ ዛፉ ሥር፣ ብርነሽ ነፋስ መውጫ። ማንም ከቦታው ንቅንቅ እንዳይል!»

በሥልጠናው ጊዜ የእኔ ቦታ «ላይኛው ጎል» እንጂ ነፋስ መውጫ ተብሎ አያውቅም። ነፋስ መውጫ ሲባል እኔም፣ ጎረቤቴም፣ ሾፌሩም የምናውቀው ጋይንት ያለችውን ከተማ ነው። ወደ ሐይቁ ሲሉ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ነፋስ መውጫ ሲሉ ወደ ምሥራቅ መሆኑ ለጊዜው አሳስቦኝ ነበር። ነገር ግን ሸራ ጀልባ የሚሄደው በነፋስ ነው፤ ነፋሱን ከመውጫው ላይ ቆሜ እንድለቅላቸው የታዘዝኩ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ኃላፊነት ተሰጥቶኝ ስለማያውቅ በኩራት ወገቤን ይዤ ተሳፈርኩ።

5. ስለ ዕለቱ። ነፋስ መውጫ መናኸሪያ ደርሼ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ቆምኩ። የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ ጋሽ ሞላ መጥተው «አንቺ ደግሞ ምንድን ነሽ?» አሉኝ።

«የመነሻ ባንዲራ ያዥ ነኝ።»

«እሰይ! እዚህማ መነሻ የሚባል ነገር ጠፍቶብን ነበር። ከትራንስፖርት ነው የላኩሽ?»

«ከውሃው ትራንስፖርት» ብዬ መለስኩ፤ አልዋሸሁም። ከዚያ አሠልጣኙ ደወሉ። የተባባልነውን ቃል በቃል አቀርባለሁ።

«ብርነሽ! የት ነሽ?»

«ነፋስ መውጫ።»

«እኔም እኮ ነፋስ መውጫ ነኝ! አላይሽም!»

ዞሬ ፈለግኋቸው። «እኔም አላየሁዎትም» አልኩ።

«ባንዲራውን ስቀዪው!»

ፊሽካዬን ነፍቼ ሰቀልኩት። መናኸሪያው በሙሉ ቀጥ አለ። ረዳቶቹ ጣራ ላይ እንዳሉ ቆሙ፤ ፍየል ሲጭን የነበረ ሰውዬ ፍየሉን እንዳቀፈ ቆመ።

«አይታየኝም እኮ!» አሉ።

«እዚህማ ሁሉም አይቶታል።»

«ጀልባዎቹ መስመር ይዘዋል? ከፊትሽ ምን አለ?»

«ጀልባ የለም። ዶልፊን ግን ተደርድሯል።»

«ዶልፊን? ጣና ላይ ዶልፊን?»

«አዎ፤ የፊተኛው ወልድያ ነው የሚሄደው።»

ስልኩ ተቋረጠ። ሚኒባሱን አገሩ በሙሉ ዶልፊን እያለ እንደሚጠራው፣ ክቡርነትዎም አንድ ቀን በአንዱ ተጨናንቀው ሳይሄዱ እንዳልቀሩ አምናለሁ።

6. በሐይቁ በኩል ስለሆነው። ይህን የምናገረው ከእቴነሽ ሰምቼ ነው። አሠልጣኙ በድምፅ ማጉያ «ዶልፊን ታይቷል!» ብለው ስላወጁ ተመልካቹ ወደ ውሃው ተንጋጋ። እቴነሽም በነፍስ አድን ጀልባዋ ዶልፊኑን ፍለጋ ተልካ እምቦጭ ውስጥ ገብታ ተተበተበች። ነፍስ አድኗን ለማዳን በደንገል ታንኳ የመጡት ዓሣ አጥማጅ «ምን ዓይነት ነው የምትፈልጊው?» ቢሏት «ትልቅ ነው፤ ሰው ይወዳል አሉ» አለቻቸው። «ሰው የሚወድ ዓሣ ቢኖር እስካሁን መቼ እንተወው ነበር?» ብለው እየሳቁ ጎትተዋታል። ውድድሩን በመጨረሻ ያስጀመሩት አቶ ሙላቴ ራሳቸው ጋቢያቸውን በማውለብለብ ነው። ግማሾቹ ጀልባዎች «ሂዱ» የተባሉ፣ ግማሾቹ «ምሳ ደርሷል» የተባሉ መስሏቸው፣ ገሚሱ ወደ ጀሪካኑ፣ ገሚሱ ወደ ዳር ተጉዟል።

በእኔ በኩል ግን ባንዲራውን ሳወርድ የቆሙት መኪኖች ሁሉ እኩል ተነሱ። የቀደመም የዘገየም የለም። ጋሽ ሞላ «ልጄ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ በይልን» ብለውኛል። በክበቡ ታሪክ ውስጥ ያለ ጭቅጭቅ የተሰጠ መነሻ ይህ ብቻ መሆኑ ይመዝገብልኝ።

7. ስለ ውሳኔው። ክበቡ ከሥራ ቦታዬ በመቅረትና የሐሰት የእንስሳ ወሬ በማሰራጨት ከሰሰኝ። አሠልጣኙ «ነፋስ መውጫ ማለት ነፋሱ የሚመጣበት ጎን ነው!» አሉ። «ታዲያ እንደዚያ አይሉም?» አልኩ። አቶ ሙላቴም «ነፋስ መውጫን ከነፋስ መውጫ የማይለይ ሰው ባንዲራ አይያዝም» ብለው ጉዳዩን ዘጉ። ሁለቱ በምን እንደሚለያዩ ግን እርሳቸውም አልነገሩኝም። ባንዲራው ለባለቤታቸው ወንድም ለዋልልኝ ተሰጠ። ዋልልኝ በሥልጠናው ጊዜ መውጣትና መውረድ ተምታቶበት ወንበሮቹን ወደ ኋላ ያስነዳ ሰው ነው።

እኔ ሻይ እንዳፈላ ተወሰነ። ሻዩም የሚፈላው ሐይቁ ዳር አይደለም፤ እዚሁ ደብረ ታቦር፣ ክበቡ በተከራየው ክፍል ውስጥ ነው። ሄጄ አየሁት። መስኮት አለው። ልከፍተው ሞከርኩ፤ በምስማር ተመትቷል። ክቡር ሆይ፣ ሻይ ማፍላት አልናቅኩም። ባሕር ማዶ ሄጄ ባሕርን በመስታወት አይቼ መጣሁ፤ አሁን ደግሞ ጣናን በወሬ ብቻ እንድሰማው ሊደረግ ነው። የከፋኝ ይኸው ነው።

8. ስለዚህ፦

ሀ. የተላለፈው ውሳኔ ተሽሮ በዚህ ቅዳሜ በሚደረገው ውድድር ባንዲራዬና ፊሽካዬ እንዲመለሱልኝ፤

ለ. ከእንግዲህ የበጎ ፈቃደኞች ምደባ በወረዳው ስም እንዲጠራና «ውሃው ባለበት በኩል» የሚል እንዲጨመርበት፤

ሐ. ስለ ዶልፊኑ እውነቱን የተናገርኩ መሆኔ ለክበቡ እንዲገለጽልኝ፣ እቴነሽም ከእንግዲህ እንስሳ ፍለጋ እንዳትላክ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ቅዳሜ ቅርብ ነው፤ የቢሮ ሥራ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። በመሆኑም መልስ ሳልጠብቅ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ሐይቁ እወርዳለሁ፤ መንገዱ በወረታ በኩል መሆኑን ከሾፌሩም ከረዳቱም አረጋግጫለሁ። ውሳኔው «ይሁንላት» ከሆነ በስልክ ቢነገረኝ ይበቃኛል። «አይሆንም» ከሆነ ግን በጽሑፍ ሆኖ እዚያው ሐይቁ ዳር ይላክልኝ፤ እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ አነበዋለሁ።

ከደጋው ሰላምታ ጋር

ብርነሽ ካሴ
(ፊርማ)