ለፈተናዬ የላክሽልኝ ምሳሌዎች

ለውድ ባለቤቴ ለጥሩነሽ፤

ባለሽበት ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔን ከናፍቆትሽና ከእንግሊዝኛ በስተቀር የሚያስቸግረኝ ነገር የለም። ልጃችን ኢፍቱም ደህና ናት። የናዝሬት ሙቀት ብሶበታል። የቀበሌው ሱቅ ስኳር አምጥቶ፣ ተሰልፌ ወስጃለሁ።

ለማታ ትምህርት ፈተናዬ ብለሽ፣ ለኮርስ ከሄድሽበት ከአሰላ የላክሽልኝ ምሳሌዎች ደርሰውኛል። «ፋስት»፣ «ኧርሊ» እና «ሱን» ሦስቱም ለእኔ «ቶሎ» ይመስሉኝ ነበር፤ አሁን ለይቻቸዋለሁ፤ አንዱ በፍጥነት፣ አንዱ በማለዳ፣ አንዱ በቅርቡ ነው። አስፋው ፋስት ይሮጣል። አስፋው ኧርሊ ይነሳል። አስፋው ሱን ይመለሳል። ማን መቼ ከእንቅልፉ እንደሚነሳ እንኳ አውቄያለሁ። «ስሎውሊ»ም ቀስ ብሎ ማለት እንደሆነ ገብቶኛል፤ እሱ ላይ ያገኘሁት የራሴን ስም ነው። ገመቹ ስሎውሊ ይጽፋል ብለሻል። እውነትሽን ነው፤ የመኪና መሪ የለመደ እጅ ብዕር ይከብደዋል።

ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ ሳነብ መምህራችን «ይሄ አስፋው ጎበዝ ነው!» አሉ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ለመሆኑ አብሮሽ ኮርስ የሚወስድ ነው ወይስ መጽሐፉ ላይ ያለ ሰው? ለትምህርቱ ብዬ ነው የምጠይቅሽ።

ለዚህ ሳምንት የመቂን ሽንኩርት በእኔ ፋንታ አዲስ አበባ የሚያደርስልኝ ሹፌር አግኝቻለሁ። ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ በደራ በኩል እመጣለሁ። አንድ ምሳሌም ራሴ ሠርቻለሁ፤ ገመቹ ሱን ይመጣል፤ ኧርሊ ይደርሳል። ስህተት ካለው እዚያው ታርሚኛለሽ።

እስከዚያው ደህና ሰንብቺልኝ። ለአስፋውም ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ መጽሐፉ ላይ ያለ ሰው ከሆነ ግን ይቅር።

ባለቤትሽ ገመቹ