ሲሞቅ የማይነሳው ሞተር

ለምወድህም ለምታናድደኝም ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ የጉልበትህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጣ ግድግዳ ትደገፋለህ? ባለቤትህ እንዴት ናት? ልጆቹስ አድገው ሱሪያቸው አጠረ? የሥራ ቦታህ ብርድስ እንዴት ይዞሃል፣ እግርህን በደንብ ትሸፍናለህ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ደህና ነን ማለት እንግዲህ ቆመን እንሄዳለን፣ በልተን እናድራለን፤ እርስ በርሳችን ግን ተኳርፈን ነው የከረምነው። ለዚህም ከማንም አስቀድሜ የማመሰግነው አንተን ነው።

ስልክ ልደውልልህ እችል ነበር። ግን ከአንተ ጋር በስልክ ማውራት ማር መላስ ነው። እሺ እትዬ፣ ልክ ነሽ እትዬ ትለኛለህ፣ ጆሮዬን ይጣፍጠዋል፣ ስዘጋው እጄ ላይ የቀረ ነገር የለም። ስለዚህ በስተርጅና የተማርኩትን ፊደል ዛሬ ሥራ ላይ አውዬዋለሁ። መስመሩ ቢንጋደድብህ ታገሰኝ፤ የምጽፈው ተናድጄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከወር በፊት ሰኞ ዕለት ወንዱ ልጄ ደወለልህ። አጎቴ፣ የአባቴን ፒካፕ ሞተር እናሳድሰው ወይስ መኪናዋን ሸጠን አዲስ እንግዛ ብሎ ጠየቀህ። አንተም፣ ያ ሞተር ብረት ነው፣ እንደ እሱ ያለ ከእንግዲህ አይሠራም፣ እንዳትሸጡት አልከው። ሐሙስ ደግሞ እህቱ ደወለችልህ። ለእሷ ምን አልካት? የእኔ ልጅ፣ ዘመኑ ተቀይሯል፣ አሮጌ ሞተር ማደስ ውሃ በወንፊት መቅዳት ነው፣ አዲስ ግዙ አልካት። ሁለቱም አንተን ምስክር ጠርተው ማዕድ ላይ ቀረቡ። አጎቴ እንዲህ ብሏል፣ የለም ለእኔ እንዲህ ነው ያለኝ ሲባባሉ ሾርባው ቀዘቀዘ። አንተ እዚያ ሆነህ ክብሪቱን ጫርክ፣ የምንቃጠለው እኛ ነን።

አንተ ስትሄድ ፒካፗ ገና ቀለሟ ያበራ ነበር። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ የምትነዳት ሴቷ ልጄ ናት። ጎህ ሲቀድ ትወጣለች፤ በኮረብታው መንገድ ላይ ካሉት ቤቶች ወተቱን በየደጁ እየተቀበለች ቢዶዎቹን፣ የወተት ማመላለሻ ጣሳዎቹን፣ ትሞላለች፤ ወተት ፋብሪካው አድርሳ ከሰዓት በኋላ ትመለሳለች። እኔ ግቢ ውስጥ ሆኜ ቢዶ አጥባለሁ፣ ከፋብሪካው ሰዎች ጋር እነታረካለሁ። ወንድሟ ናፍጣ ይሞላል፣ ዘይት ያያል፣ ጎማ ያስነፋል፣ ምክር ይሰጣል፤ መሪ ግን አይጨብጥም። የምንበላው ሁሉ ከዚህች መኪና ጫንቃ ላይ የሚወርድ ነው። እሷ ከቆመች እኛም ቆምን።

መኪናዋ አርጅታለች፤ ይህን አልክድም። ጭሷ ጎረቤት ያስላል፣ ዘይት ትጠጣለች። መካኒኩ፣ ያ ጥላሸት የምንለው፣ አሮጌውን ሞተር እንደ ወላጅ አባቱ ነው የሚያየው። አሮጌ የናፍጣ ሞተር በመፍቻና በመዶሻ የሚግባባህ ሰው ነው ይላል፤ አዲሱ ግን በሽቦ የተተበተበ፣ ኮምፒውተር ካልጠየቀው የት እንዳመመው የማይናገር ኩራተኛ ነው ይላል። ደላላው በበኩሉ፣ ምላሱ ስለሚያሟልጭ ቅቤው እንለዋለን፣ አዲሱ ናፍጣ የሚቀምሰው በማንኪያ ነው፣ ዳገት ላይ አያቃስትም፣ ድምፁንም አይሰሙትም ይለኛል። ሁለቱን አዳምጬ የገባኝ አንድ ነገር ነው። አንደኛው አሮጌ ሲበላሽ ይበላል፣ ሌላኛው አዲስ ሲሸጥ ይበላል። ስለ እኔ ጉሮሮ የሚናገር ሰው አላገኘሁም።

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ልቤ ወደ አሮጌው ያደላ ነበር። ጠዋት ጠዋት ወንዱ ልጄ ግቢ ውስጥ ቁልፉን ያዞራል፣ ሞተሩ ያስላል፣ ጭሱን ይተፋና ይነሳል። አየሽ እማዬ፣ በአንድ ቁልፍ፣ ይህንን ነው ጣሉት የሚሉን ይለኛል። እኔም በዓይኔ ያየሁትን አመንኩ።

ቅቤው አዲሷን ፒካፕ ለሁለት ቀን ሞክሯት ብሎ አምጥቶ ግቢያችን አቆማት። በመጀመሪያው ቀን ልጄ ከወትሮው አርፍዳ ተመለሰች። ፈጣን ናት ስትሉኝ አልነበር ወይ፣ ምነው ታዲያ ፀሐይ አዘቀዘቀች ብዬ ተቆጣኋት። ሰዎቹን ሰላም ስል ቆየሁ አለችኝ። ወተት ጭኖ ሰላምታ፤ በገንኩ። በሁለተኛው ቀን ወንድሟ እንደ ልማዱ ከጓሮው በርሜል ናፍጣ ቀድቶ ሞላላት። ያንን በርሜል አትረሳውም፤ ታቹ ውሃ አጥቶ አያውቅም። አሮጌው ሞተር ለምዶታል። ጠዋት ከማጣሪያው ሥር ያለውን ቡሎን ላላ አድርገን ውሃውን እናፈስለታለን፣ የቀረችውን እሱ ውጧት ይሄዳል። አዲሱ ግን እንዲህ ያለ ቀልድ አይወድም። ሙሉ ጭነት ይዛ ዳገቱ ወገብ ላይ ስትደርስ ቢጫ መብራት በራ፣ ሞተሩ እንደ ኤሊ ይጎተት ጀመር፣ ከዚያ ዝም አለ። ኮምፒውተር ያለው ሰውዬ ከከተማ እስኪመጣ ወተቱ ኮመጠጠ። መጥቶ ሽቦውን ሰክቶ ሲመረምር ቆየና ናፍጣው ውስጥ ውሃ ገብቷል አለ። እኔን ቢጠይቀኝ ያለ ኮምፒውተር እነግረው ነበር።

ልጄ ስትመለስ ቤቱ ቀውጢ ሆነ። ወንድሟን ሆን ብለህ ነው ያደረግከው አለችው። ውሃ በቀመሰ ቁጥር የሚዝለፈለፍ ሞተር ምን ሊረባሽ ነው አላት። እኔም በመካከል ገብቼ ሁለቱንም ሰደብኳቸው። ቅቤው መኪናዋን በእኛ ኪሳራ አስጠርጎ፣ ፊቱን አጥቁሮ ወሰዳት። ከዚያ ልጄ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ እሷ ስትጮህ አልፈራትም፣ ድምፅዋን ዝቅ ስታደርግ ግን እፈራለሁ። የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጠው ነጋዴ ሾፌር ሁኚኝ ብሎ እንደጠየቃትና ለግንቦት አጋማሽ መልስ እንደምትሰጠው ነገረችን። እሷ ከሄደች ወተቱን ማን ያመጣዋል ብዬ ወንድሟን አየሁት። እሱ ጣሪያ ያያል።

በቃ ትሂድ አልኩ በሆዴ። ሌላ ሾፌር ስቀጥር ግን የወተት ሰጪዎቹን ቤት የሚያሳየው ሰው ያስፈልገኛል፤ ስለዚህ በማግስቱ ጋቢና ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ መንገዱን አብሬያት ሄጄ አላውቅም። ጩኸቱ፣ ወንድሜ፣ አንጎል ያዞራል። እሷ በየደጁ ትቆማለች፣ ትወርዳለች፣ ቢዶውን ትጭናለች፣ ሞተሩ እንዳጓራ ነው። ከዳገቱ በላይ ያለችው መበለት እኔን ስታይ መስኮቱ ድረስ መጥታ ታወራኝ ጀመር፤ ከንፈሯን አያለሁ እንጂ ቃሏን አልሰማም። ልጄ ከኋላ ቢዶ ታነሳለች። እጄን ሰደድ አድርጌ ቁልፉን አዞርኩና አጠፋሁት።

ልጄ ቢዶውን እንደታቀፈች ቀጥ ብላ ቆመች። እማዬ፣ ምን አደረግሽ አለችኝ። ገብታ ቁልፉን ብታዞር ሞተሪኖው፣ ማስነሻው፣ ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሳም። ደግማ ብታዞር ያው ነው። ጠዋት ግቢ ውስጥ በአንድ ቁልፍ የተነሳው ጀግና፣ ሲሞቅ ሬሳ ሆነ።

ኮፈኑን ከፈተች። ከወንበሩ ኋላ ውሃ የሞላ ጀሪካን አወጣች፣ ጨርቅ ነከረችና ናፍጣ የሚገፋው ፖምፓ ላይ ጠመጠመች፣ በላዩም ታፈስበት ጀመር። ፖምፓው አልቋል፣ ሲሞቅ ናፍጣውን መግፋት ያቅተዋል፣ እስኪበርድ መጠበቅ ነው አለችኝ። ማን ነገረሽ አልኳት። ጥላሸት አለች። መፍትሔውስ ምን አለሽ አልኳት። የናፍጣ ሞተር ሲሠራ ቢውል አይደክመውም፣ ዝም ብለሽ አታጥፊው አለኝ አለች።

እሷም ይኸው አታጠፋውም። ከግቢ ከወጣች ፋብሪካው ደርሳ እስክትመለስ አታጠፋውም። የእጅ ፍሬኑም የሚታመን ስላልሆነ፣ የሚሠራ መኪና ዳገት ላይ ጥላ ከዓይኗ አታርቅም። ስለዚህ ሽንት ቤት አትሄድም። ሽንት ቤት እንዳትሄድ ውሃ አትጠጣም። ጎኔን ጎኔን ስትል የከረመችው ከዚህ ኖሯል። ሐኪሙ ጠጠር ጀምሮሻል፣ ውሃ ጠጪ ብሏት ኖሯል። በዚያ ፀሐይ ላይ ቆሜ እሷ የማትጠጣውን ውሃ ፖምፓው ሲጠጣ አየሁ። ለምን አልነገርሽኝም ብዬ ጮህኩባት። ጎኔን አመመኝ ብዬሽ ነበር፣ ለወንበሩ ትራስ ሰፍተሽ ሰጠሽኝ አለችኝ።

መበለቷ እኛን ስታይ ቆየችና ውሃ በኩባያ ይዛ መጣች። ልጄ ከንፈሯን አርሳ ኩባያውን መለሰችላት። መበለቷም ወደ እኔ ዞር ብላ፣ ልጅሽ እኮ ኩራተኛ ናት፣ የእኛ ውሃ አይጥማትም፤ በዚያች በአዲሷ መኪና የመጣች ቀን ግን ገብታ ተቀምጣ ጠጥታ ደግማ ቀዳች፤ መኪና ሲያምር ሰውም ይለወጣል አለችኝ። እኔ በዚያ ቀን አረፈድሽ ብዬ የተቆጣኋት፣ ውሃ ስትጠጣ ነው ያረፈደችው።

ግቢ እንደደረስን ጥላሸትን አስጠራሁት፣ ወንዱንም ልጄን አስቀመጥኩት። ይህችን መኪና የሚነዳ ማን ነው አልኳቸው። ሁለቱም ወደ እሷ ዞሩ። እንግዲያስ የምትነዳው ትናገር አልኩ። እሷም፣ አዲሷን መኪና የወደድኳት አዲስ ስለሆነች አይደለም፣ ስለምትጠፋልኝ ነው፤ በየደጁ አጥፍቼ የምወርድበት፣ ስመለስ የሚነሳልኝ ሞተር ነው የምፈልገው አለች። አዲሷ ይህን ታደርጋለች፤ ግን ዳገት ላይ ብትቆምብኝ ሽቦ ያለው ሰው እስኪመጣ ወተቱ ይበላሽብኛል፣ በመንገዳችንም የሚታመን ናፍጣ አይገኝም። አሮጌውን ሞተር አውርዳችሁ አድሱልኝ፣ ፖምፓውን በአዲስ ቀይሩ፣ ፍሬኑን አብጁ አለች። ይኸው ነበር። ለዚህ ነው አንተን በሁለት ቀን በሁለት አፍ ያስለፈለፍንህ።

ጥላሸት ሥራውን ጨርሶ እንደ ልማዱ በጠዋት ሊያስነሳልኝ መጣ። አይሆንም አልኩት። በቀትር ዳገቱን ወጥተህ ወርደህ፣ ኮፈኑ እጅ እስኪፋጅ አግለህ አምጣና እዚህ ፊቴ አጥፍተህ አስነሳው አልኩት። እትዬ፣ ሞተር እኮ ነው፣ ምን በድሎዎት ነው እንዲህ የሚያሰቃዩት አለኝ። ልጄን ያሰቃየውን ያህል አልኩት። አጠፋው፣ ተነሳ። እንደገና አጠፋው፣ ተነሳ። ደግመህ አልኩት፤ እያጉረመረመ ደገመ።

ባለፈው ቅዳሜ ነጋዴው መልሷን ሊሰማ ራሱ ግቢ ድረስ መጣ። እኔ ቢዶ እያጠብኩ የማልሰማ መሰልኩ። እዚሁ እቆያለሁ አለችው። እሱ ከሄደ በኋላ ወደ እኛ ዞር ብላ፣ የምቆየው ግን በሳምንት አንድ ቀን ወንድሜ ከነዳ ነው፣ ስለ ሞተሩ የሚያወራ ሰው ሞተሩ ላይ ይቀመጥ አለች። እሱም ትናንት የመጀመሪያ ቀኑን ነዳ። ሲመለስ ፀጉሩ አቧራ፣ ሸሚዙ ወተት፣ ወገቡ ተሰብሮ ነበር። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ገብቶ ተኛ። ራት ብለን ብንጠራው አልመጣም። ምክርም አልሰጠም።

አንተም እዚህ ብትሆን አንድ ቀን ይደርስህ ነበር፤ ርቀትህ አተረፈህ። ከእንግዲህ ልጄ ስትደውልልህ ስለ ሞተር አታውራት። እንዴት ነሽ በላት። ደህና ነኝ ካለችህ አትመናት፣ ደግመህ ጠይቃት።

ባለቤትህን ከእኔ የበለጠ ትዕግሥት ስላላት አክብሬ ሰላም እላታለሁ። ትልቁን ልጅህን ጎበዝ በልልኝ፣ ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ፤ አክስታችሁ ቁጡ ናት ብለህ እንዳታስፈራራቸው፣ ሲመጡ ራሳቸው ያዩታል። ልጄ ሰላም ብላሃለች። ወንዱ ልጄ አሁንም ተኝቷል፤ ሲነሳ ሰላም ይልሃል። ጥላሸትም ሰላም ይበሉልኝ ብሎኛል፤ ለእሱ መልስ አትላክለት።

ታላቅ እህትህ
ከወተቱ ግቢ፣ ግንቦት 19 ቀን