የአሥራ አንድ ሰከንድ በር

አስቶሪያ፣ ኒው ዮርክ
ጥቅምት 2016

ለድሮ ጓደኛዬ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽን ያየው ዶክተር ምን አለ? በረዶ የቀጠቀጠው ጣራሽስ ተጠገነ ወይስ አሁንም ባልዲ ደቅነሽ ነው የምትተኚው? እኔ ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ። ግራውን ሞራ ጋርዶታል፣ ቀኙ ግን ዛሬም ክር በመርፌ ያስገባል። ድመቴ ሞተችና ሁለተኛ ድመት አላሳድግም ብዬ ማልኩ፤ በሳምንቱ ከታች ያሉት ባለ ዳቦ ቤቶች አንዷን አመጡልኝ፣ መሐላዬም ቀረ።

ካርድሽ ደርሶኛል። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ የገና ካርድ ስንላላክ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆችሽ፣ ስለ ባልሽ ስለ ፓስተሩ ሕመምና ዕረፍት ጻፍሽልኝ እንጂ ስለዚያ ጊዜ አንዲት ቃል ተንፍሰሽ አታውቂም። እኔም እንዳንቺው የሆዴን በሆዴ ይዤ ኖርኩ። አሁን በመስከረም የገና ካርድ ሲመጣልኝ አንድ ነገር እንዳለ ገባኝ። ከደወሉ ሥዕል ሥር በደቃቅ ፊደል «ሌስተር የድሮ ፊልሞቹን ሊያሳይ ነው አሉ። የልጅ ልጄ ለማየት እዚያ ድረስ ይሄዳል። ፊቴ ይታያል ወይ?» ይላል። አሥር ጊዜ ሳላነበው አልቀረሁም።

ወዲያው ያልመለስኩልሽ በዓይኔ ሳላይ መመለስ ፈርቼ ነው። መጥፎ ወሬ በፖስታ እንደማልልክ ታውቂኛለሽ፤ ስለዚህ ተረጋግተሽ ቁጭ በይና አንብቢ። ብቻ በተርታ ልንገርሽ፣ አለዚያ ከመሃሉ ጀምሬ አሳስትሻለሁ።

ፊልሙ የታየው በሙዚየሙ አዳራሽ፣ እሑድ ከቀትር በኋላ ነው። ሌስተር ፓልካ ሰባ ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ ከዘራ ይዟል፣ ቀይ ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠምጥሟል። በደም የተነከሩ ፊልሞቹ ያኔ ሰው ይሸሸን ከነበረበት ቤት አውጥተው የተከበረ ሽማግሌ አድርገውታል። ሁለት መቶ የሚሆኑ ወጣቶች የሱ አጋንንትና የሱ መጥረቢያ የታተሙበት ካናቴራ ለብሰው እንደ ጳጳስ ተነሥተው ተቀበሉት። እኔ ያስታወስኩት ክራባቱን ነው። ያኔ ፖሊስ ቢመጣ ጨዋ ሰዎች መስለን እንድንገኝ ብሎ ለዚያ ሥራ ክራባት አስሮ የሚመጣ እሱ ብቻ ነበር።

የልጅ ልጅሽን ማንም ሳያሳየኝ አወቅሁት። አገጩ አገጭሽ ነው። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ከጓደኛው ጋር ፈንድሻ እየበላ ነበርና ሄጄ ከጀርባው ተቀመጥኩ። የሙዚየሙ ልጅ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ የዛሬው ፊልም ሌስተር በ1971 የሠራው፣ ለአዋቂዎች ብቻ የተባለ፣ ጠፍቶ የነበረ፣ ቅጂውም በቅርቡ ከአንድ ምድር ቤት የተገኘ ነው ሲል ተነሥቼ ልወጣ ቃጣኝ። የቱ ቅጂ? እኔን ያስጨነቀኝ እሱ ነው።

ለምን እንደተጨነቅሁ ልንገርሽ። ይህን እስከ ዛሬ አታውቂውም።

ያንን የምንቀርጽበትን ቤት ታስታውሺዋለሽ፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ በሩ አረንጓዴ። አምስት ሰዎች ስለነበርን ሁላችንም ሁሉን እንሠራ ነበር። የእኔ ሙያ ፊልም መቁረጥ ቢሆንም በቀረጻ ቀን የትዕይንት ቁጥር ያለበትን ሰሌዳ ካሜራው ፊት የማጨበጭበውም፣ ሳንድዊች የማመጣውም እኔው ነበርኩ። ሌስተር ዓይን አፋር ነበር፤ «ጀምሩ» ለማለት ያፍር ስለነበር እናንተ ተዋናዮቹ እስክትዘጋጁ ካሜራውን ወደ በሩ አዙሮ ዝም ብሎ ያስኬደዋል። ፊልሞቻችንን የሚገዛን ቢንደር ያመጣልን ጥቁርና ነጭ ፊልም ከጥርስ ሐኪሞች ትምህርት ቤት የተረፈ ነው፣ ያልቅብናል ብንለው ሌስተር አይሰማም። ስንት ሜትር በር እንደቀረጸ እግዚአብሔር ይወቀው።

አንቺ የአንድ ቀን ሠራተኛ ነበርሽ። ለመድረክ ከነብራስካ መጥተሽ መድረኩ እምቢ ያለሽ፣ በዝናብ ካፖርትሽ በዚያ በር የገባሽ። ከቀረጻው በሦስተኛው ቀን ያንኑ ካፖርት ለብሰሽ ወደምቆርጥበት ክፍል መጣሽ። ለሌስተር አባትሽ መታመሙንና ወደ አገርሽ መመለስሽ መሆኑን ነገርሽው፤ ያንን የእርቃን ትዕይንት እንዲያወጣልሽ ለመንሽው። እሱም ፊቱን በእጁ ሸፍኖ፣ ቢንደር አይቶታል፣ እሱን ካወጣሁት ፊልሙን አይወስደውም አለሽ። አንቺም እሺ ብለሽ ወጣሽ። እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ጓንቴን አጥልቄ ቆሜ ነበር። አላየሽኝም፣ ወይም እንዳላየ ሆንሽ። በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍረሽ መሄድሽን የሰማሁት ከመብራት ሠራተኛው ነው።

ሳትሰናበቺኝ በመሄድሽ አኮረፍኩሽ። ግን ከኩርፊያዬ በፊት ሌላ ነገር አደረግሁ።

ሌስተር የሚቆርጠው ቅጂውን ነው። ዋናውን ፊልም፣ ኔጋቲቩን፣ የምቆርጠው እኔ ነኝ፤ ጠርዙ ላይ ያለውን ቁጥር እየተከተልኩ፣ በነጭ ጓንት። እሱ አንዴ ከተቆረጠ መመለሻ የለውም። በትዕይንቱ ሁሉ አብሮሽ የሚተውነው ሰውዬ ጀርባ ወይም ፀጉርሽ ጋርዶሻል፤ ፊትሽ የሚታየው አሥራ አንድ ሰከንድ ብቻ፣ ሁለት መቶ ስልሳ አራት ፍሬም ነው። እሷን አወጣሁ። ድምፁ እንዳይዛነፍ በልኳ ሁለት መቶ ስልሳ አራት ፍሬም በር አስገባሁ። ከዚያ ሁሉ በር መካከል የመረጥኩት እጀታው ትንሽ ዞሮ የሚቆምበትን ነው። እጀታውን ያዞርኩት እኔ ነበርኩ፤ ሁለት እጄን ሳንድዊች ሞልቶት በክርኔ ልከፍት ስታገል።

ፊልሙ ስምንተኛ ጎዳና ላይ ሲታይ ሄድኩ። ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ ያስቀመጡ ሰዎች የመጡበትን ሲጠብቁ በር መጣባቸው። የአንቺ ትንፋሽና የወንበር ጥርቅታ ይሰማል፣ የሚታየው ግን የተዘጋ በር ነው። እጀታው ዞረና ቆመ። አንዱ ባርኔጣውን አንሥቶ እግሬ አውጪኝ ብሎ ወጣ። ቢንደር ኮሪደሩ ላይ ይሳደብ ጀመር። ሌስተር ግን ከመቀመጫው ሳይነሣ ተመልካቹን ያይ ነበር።

በማግስቱ መጥቶ ፊልሙ ምን ሆነ አለኝ። ተጭሮ ነበር አልኩት። ስንት ፍሬም? ብሎ ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። እጀታውን ማን አዞረው? አለኝ፣ እኔ ነኝ፣ ሳንድዊች ይዤ አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም። በሁለት ዓመቱ የመጀመሪያውን የሚያስፈራ ፊልም ሠራ፤ ግማሹ የተዘጋ በር ነው። ከዚያ ወዲህ የሠራውን ፊልም ሁሉ ኔጋቲቩን እንድቆርጥለት ለእኔ ይልክ ነበር፤ ተቺዎች ስለ በሩ ጻፉ፣ ተከራከሩበት፣ አንዱ ምሁርማ እጀታው ሞት ነው አለ። ሳንድዊች ነው ብዬ ልጽፍለት አስቤ ተውኩት።

ግን የሌስተር የሥራ ቅጂ፣ ፊትሽ ያለበት፣ የት እንደደረሰ አላውቅም ነበር። ከምድር ቤት ተገኘ ሲሉኝ ልወጣ የቃጣኝ ለዚህ ነው።

መብራቱ ጠፋ። ከጀርባ የምትታይ የዝናብ ካፖርት የለበሰች ሴት ደረጃውን ስትወጣ የልጅ ልጅሽ ወደ ጓደኛው ዘንበል ብሎ «አካሄዷ ቁርጥ አያቴን» አለው። ጓደኛው «አያትህ ብትሰማህ በጥፊ ታጮልህ ነበር» አለና ሳቁ። እኔ የፊቴን ወንበር ጨብጬ መቁጠር ጀመርኩ። በበሩ ገባሽ። ሰውዬው ጀርባውን ሰጠን። ትንፋሽሽ ተሰማ።

በር ነው። እኔ የቆረጥኩት ነው፣ መጋጠሚያው ላይ ያለችውን ነቁጥ እንኳ አወቅኋት። አትታዪም፣ እህቴ። አሥራ አንዱን ሰከንድ እየቆጠርኩ ጨረስኩ፣ እጀታው ሲዞር አንዲት ልጅ ጮኸች፣ እኔ ብቻዬን ሳቅሁ። ሰዎቹ ዞረው ገላመጡኝ። የልጅ ልጅሽም ዞረ፤ ፊቱ ነጭ ወረቀት መስሎ ነበር፣ አሳዘነኝ።

ሲያልቅ ጥያቄ ተፈቀደ። ልጁ እጁን አወጣ። ብድግ ብሎ፣ በዕድሜው እንደዚህ ፈርቶ እንደማያውቅ ተናገረና ከበሩ ኋላ ምን እንዳለ ሌስተርን ጠየቀው። ሌስተር መነጽሩን አውልቆ ብዙ አየው። አገጩን ሳያውቀው አልቀረም።

«ልጄ፣ የሰው ገመና ነው ያለው። እኔ ልከፍተው ነበር፣ ከኔ የተሻለ ሰው ዘጋው። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሁሉ ያንን በር መኮረጅ ነው» አለው።

ቅኔ መስሏቸው አጨበጨቡ። ልጁ ማስታወሻው ላይ ጻፈው፤ ሲመጣ ሳያነብልሽ አይቀርም።

ስወጣ ሌስተር ከዘራውን እያንኳኳ ተከተለኝ። ሰላም እንኳ ሳይለኝ «ደህና ናት?» አለኝ። ጉልበቷን ያማታል አልኩት። ቁራጮቹን አቃጠልኳቸው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ውሸት ዱሮም አይሆንልሽም አለና ሳቀ። ቀጥሎ በድሮ ቅጽል ስሜ ጠርቶ «መቀስ፣ አንድ ነገር ብቻ ይከነክነኛል። ያኔ ያደረግሽው እሷ ስላሳዘነችሽ ብቻ ነው?» አለኝ። ኮቴን ቆለፍኩ፣ አውቶቡሴ ያመልጠኛል ብዬ ትቼው ወጣሁ። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ እየፈራሽ መኖርሽን እኔ በአንድ ፖስትካርድ ልገላግልሽ እችል ነበር። መጀመሪያ ኩርፊያ ያዘኝ። አድራሻሽን ካገኘሁ ወዲያ ደግሞ፣ አወጣሁልሽ ብልሽ ለምን ብለሽ እንዳትጠይቂኝ ፈራሁ። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። በድዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር የብስኩት ቆርቆሮ ይደርስሻል። ብስኩት የለበትም፣ ያ የቆረጥኩት ፊልም ነው ያለበት። ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጬ፣ እንደሚበላሽ ፊልም ኮምጣጤ ኮምጣጤ እንዳይሸት በየዓመቱ እያየሁ ጠብቄዋለሁ። መስኮት ላይ አድርጌ አየሁት እንጂ በማሽን አላሳየሁትም፤ ለማንም። ኔጋቲቭ ስለሆነ ጥቁር ፀጉርሽ ነጭ ሆኖ ነው የሚታየው። አምና ከላክሽልኝ ፎቶ አጠገብ ባስቀምጠው ጊዜ ገረመኝ፤ አርጅተሽ እሱን መሰልሽ። አቃጥይው፣ ቅበሪው፣ እንደ ወደድሽ።

ብትቆጥሪው ሁለት መቶ ስልሳ ሦስት ነው። አልተሳሳትኩም፤ በቆጠራ ተሳስቼ አላውቅም። በመጨረሻው ላይ ካሜራውን ረስተሽ ዞር ብለሽ የሳቅሽባት አንዲት ፍሬም አለች። ሌስተር ለተመልካቹ የሳቅሽ መስሎት ነበር። ከካሜራው ጎን ሰሌዳ ይዞ፣ አፍንጫው ሰናፍጭ ነክቶት የቆመው ማን እንደነበር አንቺ ታውቂያለሽ። ያቺን ፍሬም አልላክሁም።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ጣራሽ አያፍስስ፤ የልጅ ልጅሽን ለቁም ነገር ያብቃልሽ። ሲመጣ ስለ በሩ ሲያወራልሽ ገርሞሽ አድምጪው።

መቀስ ያዥዋ ጓደኛሽ