የለቅሶ መኪና ተራ

ሰኞ

አልወሰንኩም። ከሁለቱ የፕሮግራም አሠራር ዘዴዎች የቱን ልያዝ፣ ስትራቴጂ ወይስ ስቴት? ሁለቱንም ቦርድ ላይ ስዬ ሳፈጥ ሻዬ ቀዘቀዘ። የሱሉልታ መናኸሪያ ሚኒባሶች ተራቸውን በስልክ እንዲይዙ ፕሮግራሙን የምሠራው እኔ ነኝ። ዓርብ ይሞከራል። የሙከራ ቅጥሬም የሚያበቃው ያው ዓርብ ነው። ካልሠራ ቻው ነው።

አለቃዬ በረከት “አንዱን ምረጪና በምክንያት አስረጂኝ” ብሎኝ ሄደ። ለእሱ ቀላል ነው። በስትራቴጂ ከሆነ የተራ አሰጣጡን ሕግ ለብቻው አስቀምጬ እንደ ቀኑ አንዱን አንስቼ ሌላውን እተካለሁ፦ የአዘቦት ሕግ፣ የገበያ ቀን ሕግ። በስቴት ከሆነ መኪናው ራሱ ያለበትን ሁኔታ ያውቃል፤ ሲጠብቅ፣ ሲጭን፣ ሲበላሽ ጠባዩ ይለወጣል። ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል። ሲደክመኝ ደግሞ ሁለቱም አንድ ይመስሉኛል።

ማክሰኞ

ስትራቴጂ። በቃ፣ ወሰንኩ። አራት ሕግ ጻፍኩ። በረከት አይቶ “አሪፍ” አለ። ምሳ በወጉ በላሁ።

ረቡዕ

መናኸሪያ ወርጄ ለተራ አስከባሪው ለኦቦ ለማ አሳየኋቸው። ዕድሜ ልካቸውን ተራ ያስያዙ ሰው ናቸው፤ ደብተር የሚይዙት ለወጉ ነው። ስልኩን ከዓይናቸው አራቅ አድርገው አዩና “የለቅሶው የታለ?” አሉኝ።

የምን ለቅሶ?

ለካስ እዚህ ለቀስተኛ ቀብር ያደረሰ ሹፌር ሲመለስ ቦታው ላይ ይገባል። ከኋላ የሚያሰልፈው የለም። ሁሉም ስለሚያውቀው ማንም አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። የእኔ ፕሮግራም ወጥቶ የተመለሰን ሁሉ መጨረሻ ላይ ነው የሚወረውረው።

“አምስተኛ ሕግ እጨምራለሁ” አልኳቸው።

“ሕጉማ ያው ነው፣ ኢንተላ ኮ” አሉ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። “መኪናው ነው ለቅሶ የሄደው።”

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ከመጀመሪያው ስቴት ነበር።

ሐሙስ

የማክሰኞውን አፍርሼ እንደ አዲስ ስጽፍ ዋልኩ። መኪናው አሁን “ለቅሶ ላይ” የሚል ሁኔታ አለው፤ ቦታው ይጠበቅለታል። ሞከርኩት፣ ሠራ። ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ከዚያ ኦቦ ለማ ደወሉ። የአንዱ ሹፌር አባት ዐርፈዋል። ቀብሩ ነገ ተፍኪ ነው፤ ግማሹ መኪና ወደዚያ ይሄዳል።

“የቀሩትስ ተራቸው እንዴት ነው?”

“የእኛ ሰው ሐዘን ሲሆን ተራ የለም። የሞላው ይነሳል።”

ሕጉ ራሱ ተለወጠ ማለት ነው። ያ ደግሞ ስትራቴጂ ነው፣ ጠዋት ያፈረስኩት። ያፈረስኩትን መመለስ ቀላል ነው፤ ሁለቱን ማስማማት ነው ያቃተኝ። በረከትን ቀኑ ይራዘም ብዬ ብጠይቀው “ነገ ተብሏል፣ ነገ ነው” አለኝ። ባለቅስ ይወጣልኝ ነበር፤ ቢሮ ሰው አለ።

ዓርብ

ወደቅኩ። ስልኩ ተፍኪ የሄደውን መኪና ቦታው ስለተጠበቀለት “ተራህ ደርሷል” እያለ ይጠራል፣ ሞልቶ የቆመውን “ጠብቅ” ይላል። ሹፌሮቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ኋላ ተናደዱ። ኦቦ ለማ ስልኩን ኪሳቸው ከተቱና በእጃቸው እያመለከቱ ሸኟቸው።

በረከት ሰው ፊት “ለመሆኑ የቱን ነበር የመረጥሽው?” አለኝ።

“አላውቅም” አልኩት። አፈርኩ፤ ግን ሳምንቱን ሙሉ እውነት የተናገርኩት ያኔ ነው። “ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሮዬ ነይ” ብሎ መኪናው ውስጥ ገባ።

ኦቦ ለማ ደግሞ “ሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እዚህ ሁኚ” አሉኝ። “ኮምፒውተሩን ተዪው። ቁጭ ብለሽ እዪ።”

የሚያባርረኝ ከሆነ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መናኸሪያ እገኛለሁ።