ቆብ ያልደፋችው ሴት

ኬርመሌን፣ ሰኔ 6 ቀን 1892

ውድ ልጄ አዜኖር፣

ጤናዬ ደህና ነው፤ ደረጃ ስወጣ ብቻ ጉልበቴ ያስቸግረኛል። ባቄላውን በአሥራ ሁለት መስመር ዘርቼ አሥራ አንዱ በቅሏል።

እዚህ የከረመው ሰዓሊ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የእንጨት ኳስ ስንጫወት ሥሎናል። እኔ ነጥብ መዝጋቢው ነኝ፤ ግንቡ ሥር ተቀምጫለሁ። ሣሩን ቀይ አደረገው። "ሣር አረንጓዴ ነው" ብዬ አረምኩት። የቀድሞ ተማሪዬ፣ አንጥረኛው ታንጊ፣ "መምህር፣ እሱንም እንደኛ ያንበርክኩት!" ብሎ አሳቀብኝ።

በሥዕሉ ላይ ከተጫዋቾቹ ኋላ ጎረቤታችን እትዬ ሶአዚግ ደጃፍ ላይ ተቀምጣለች። ነጭ ቀለም ስላለቀበት የዳንቴል ቆቧን ሳይሥል ቀረ። ፊቷም ገና በደንብ አልተለየም። ቀለሙ እስኪመጣ ሥዕሉ መጠጥ ቤቱ ውስጥ ሦስት ሳምንት ተሰቀለ። ያየው ሁሉ፣ "ይቺ ራሷን ያልሸፈነች የማን ልጅ ናት?" ይላል።

ከፓሪስ ያለ ቆብ የተነሳሽውን ፎቶግራፍ የላክሽልኝ ከአራት ዓመት ከሁለት ወር በፊት ነው። "ባዶ ራስሽን ደጄን እንዳትረግጪ" ብዬ መለስኩልሽ። ያኔ እርማት የማያስፈልገው ደብዳቤ መስሎኝ ነበር።

ትናንት ሁላችን መጠጥ ቤቱ ተሰብስበን ሳለ ቀለሙ ደረሰ። ሰዓሊው ብሩሹን ነጭ ውስጥ ነክሮ ወደ እኔ ዞረ።

"ሁሉን የሚያርሙት እርስዎ ነዎት። አሁን ልሸፍናት?"

"ተዋት" አልኩት።

እትዬ ሶአዚግ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። "ምን ማለትዎ ነው መምህር? በስተርጅና ራሴን ገልጠው ለአገር ሊያሳዩኝ ነው?"

"አንቺ አይደለሽማ።"

"ታዲያ ማን ልትሆን?"

ስምሽን ጠራሁ። ከዚያ ደብዳቤ ወዲህ በሰው ፊት ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው። ታንጊ የፖም ጠጁን አፉ ሳያደርስ መልሶ አስቀመጠው። እትዬ ሶአዚግ ሥዕሉን ጥቂት አየችና ሰዓሊውን፣ "እንግዲያው ወገቧን ቀነስ አድርገው፤ አዜኖር እንደኔ ሰፊ አይደለችም" አለችው።

የቅዱስ ዮሐንስ በዓል ዘንድሮ ዓርብ፣ ሰኔ 24 ይውላል። የዋዜማው የሐሙስ ባቡር ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ይገባል፤ እኔ ከዘጠኝ ጀምሮ ጣቢያው እገኛለሁ። ፀሐይ ከበረታ የወደድሽውን ድፊ፤ ካልወደድሽም ተይው።

ትናንት ማታ ጀንበር ስትጠልቅ ወጥቼ ሣሩን አየሁት። እውነትም ቀይ ነው።

እግዚአብሔር በደህና ያምጣሽ።

አባትሽ
ኤርዋን