ቆሽቴን ካሳረሩት ወዲህ

ኅዳር ፲፩ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.፣ ጧት

ዛሬም ከጓሮ ስመላለስ ነጋ። ሆዴ ውኃ ሆኗል። የበላሁት ሁሉ ቅባት ለብሶ እንዳለ ይወጣል። ማስታወሻዬ፣ ለሰው የማይነገረውን ላንተ ስነግርህ አትታዘበኝ።

ከካርቱም ከተመለስኩ ሳምንት አልሞላኝም። ቆሽትሽ ላይ ነቀርሳ በቅሏል ብለው ሆዴን በራጂ ሲያቃጥሉት ሰነበቱ። ሲያበሩብኝ አያምም፣ አይሞቅም። ጣጣው በኋላ ነው። አስተርጓሚው አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር፦ ያስመልስሻል፣ ያስቀምጥሻል፣ እህል ያስጠላሻል፣ ከዚያ ይተውሻል። የመጨረሻዋን አላመንኳትም።

ባሌ ተሰማ ያለኝን ልጻፍ? ዕድሜሽን ሙሉ ቆሽቴ አረረ ስትዪ ኖረሽ፣ ይኸው እውነትም አሳረሩልሽ አለኝ። ሳቅኩ። ስስቅ ደግሞ ወደ ጓሮ።

ኅዳር ፲፫፣ ቀትር

የመተማን ነጋዴና የካሚዮን ሾፌር ሁሉ ሳበላ የኖርኩ ሴት፣ ዛሬ የገዛ ምግብ ቤቴ የሽንኩርት ቁሌት አባረረኝ። ደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ እየጮኽኩ አዛለሁ። ወጥ ሠሪዬ ምንትዋብ በጭልፋ ይዛ መጣች። ጨው ይበቃዋል? ቀመስኩ። ብረት ብረት አለኝ እንጂ ሌላ ነገር የለውም። አፍሬ ይበቃዋል አልኳት። አንድ ሾፌር ሳይጨርስ ሳህኑን ገፍቶ ወጣ።

ሐኪሙ ከጥምቀት በኋላ ለሁለተኛው ዙር ተመለሺ ብሎኛል። አልመለስም። ማርያምን! ብዬ ለተሰማ ማልኩለት። ከሞትኩም በገዛ አልጋዬ ልሙት። እሱ በቅሎዎቹን ሊያጠጣ ወጣ።

ኅዳር ፲፮

የገና ጾም ትናንት ገባ። የንስሐ አባቴ አባ ወልዴ መጡ። ሐኪሙ እንቁላልና ቅባት የሌለው የዶሮ ሥጋ ብዪ ማለቱን ነገርኳቸው። በጾም ከሚያበላኝ ይግደለኝ አልኩ። ተቆጡ።

«ጾሙ ካንቺ ላይ ምን ቀርቶት ነው የሚቀንሰው? ብዪ ብያለሁ። እንቢ ካልሽ እገዝትሻለሁ።»

በላሁ። እሳቸው ገና ከደጅ ሳይርቁ መለስኩት። የተፈቀደልኝም አልረጋ አለኝ። መቀነቴን በጠመጠምኩት ቁጥር ጫፉ ይረዝማል።

ኅዳር ፲፰

ሐጃ ዘይነብ ያዘችኝ። ጎረቤቴ ናት፣ የገዳሪፍ ሰው፣ ስኳርና አቡጀዲ ትሸጣለች። ከጓሮ ስመለስ ጠብቃ ክንዴን ያዘችና እየጎተተች ጓዳዬ ገባች። ዘመድ ሁሉ ያበረታታል እያለ የላከውን ቅቤ አየች። ሐኪሙ ቅባት አትንኪ አላለሽም? አለችኝ። ብሏል። ታዲያ ይህ ምንድን ነው? የሰው ስጦታ እንዴት ይመለሳል አልኳት። የቅቤውን ቅል አንሥታ ለምንትዋብ ሰጠቻት።

ጎንጎሌዝ አመጣች፣ የዚያ ግንደ ወፍራም የቆላ ዛፍ ፍሬ። ነጩን ዱቄት ፈልቶ በበረደ ውኃ በጠበጠች። ቀጥላ የማሽላ አጥሚት፣ እንደ ውኃ የቀጠነ፣ ነሻ ትለዋለች። ድስቱን አላስነካችኝም። በማንኪያ ብቻ።

«ያ ኡኽቲ፣ ሹወያ ሹወያ» ትላለች፣ እህቴ፣ ቀስ በቀስ ማለቷ ነው። «ነቀርሳው የሐኪሙ ነው። እኔ አንጀትሽን ላባብል።»

ኅዳር ፳፣ ማለዳ

ረጋ! አጥሚቱ ረጋ! ሆዴ ውጦ ዝም። ተሰማን ቀሰቀስኩት። ምን ሆንሽ ብሎ ደንግጦ ጋቢውን ሳይለብስ ተነሣ። ምንም አልሆንኩ፣ ምንም ስላልሆንኩ ነው የቀሰቀስኩህ።

ኅዳር ፳፮

ጥጋብ አይጣል። ትንሽ ሻል ቢለኝ የተቆላ ሰሊጥ ወቅጬ በላሁ። ዘይት መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፣ አምሮኝ ነው። ፍዳዬን አየሁ። ዘይነብ አልተቆጣችም። ማንኪያዋን ይዛ ተመልሳ ተቀመጠች፣ እንደ መጀመሪያው ቀን።

ታኅሣሥ ፭

ማስታወሻዬ፣ ቆይ። ቆይ። አንድ ነገር ልብ አልኩ።

ጀርባዬ! ካርቱም ሳልሄድ፣ ከሆዴ ተነሥቶ ጀርባዬን እንደ ፍልጥ የሚሰነጥቀኝ ሕመም ነበር። በጀርባዬ መተኛት ትቼ፣ ጉልበቴን አቅፌ ተቀምጬ ነበር የማነጋው። ዛሬ ከእንቅልፌ ስነቃ በጀርባዬ ተንጋልያለሁ። ከመቼ ጀምሮ? አላውቅም። ጓሮ ስሮጥ፣ ስመልስ፣ ሳለቅስ፣ ዋናው ጠላት ድምፁን አጥፍቶ ሳላየው ቀረ።

ለተሰማ ነገርኩት። ሁለቱንም መዳፉን ጀርባዬ ላይ አድርጎ ጫን ጫን አደረገ። እዚህስ? አያምም። እዚህስ? አያምም። ከዚያ ጋቢውን ትከሻዬ ላይ ደረበልኝ።

ታኅሣሥ ፲፬፣ ፬ ሰዓት

ራበኝ።

ራበኝ! ራበኝ! ስንት ጊዜ ብጽፈው አልጠግበውም።

ታኅሣሥ ፳፱፣ ገና

ቤቱ ሾፌር በሾፌር። ከገዳሪፍ የመጡ፣ ከጎንደር የወረዱ። ወጥ ቤት ገባሁ፣ የቁሌቱ ሽታ አላባረረኝም። ምንትዋብ በጭልፋ ሰጠችኝ። ቀመስኩ። ጨው ጎድሎታል፣ ኮረሪማውም ተረስቷል አልኳት። ጭልፋውን ጥላ እልል አለች! ሾፌሮቹ ሙሽራ መጣች እንዴ እያሉ ብቅ ብቅ አሉ።

እኔ ለራሴ የተቀቀለ የዶሮ እግር፣ ቆዳው ተገፎ፣ ከነጭ ሩዝ ጋር። አጥንቱን ጋጥኩት። ረጋ። ተሰማ አጠገቤ ሆኖ የበላሁትን እንጂ የራሱን ሳህን አላየም።

ጥር ፲፫

ጥምቀት አለፈ። ሰሊጥ የጫነ ካሚዮን ነገ ወደ ገዳሪፍ ይነሣል። ከዚያ በባቡር ወደ ካርቱም። የኬላው ጣሊያን የይለፍ ወረቀቱን ፈርሟል፣ ተሰማ እኔን ሳይጠይቅ ነው ያስፈረመው። መቀመጫም ይዟል። ማርያምን ብለሽ ምለሻል፣ አላስገድድሽም፣ ግን መኪናው ያውልሽ አለኝ። አባ ወልዴን ጠየቅኋቸው። በሕመም ተይዞ የተማለ መሐላ ነው፣ እፈታሻለሁ አሉ። ፈቱኝ።

የሚጠብቀኝን አውቀዋለሁ። ያስመልሰኛል፣ ያስቀምጠኛል፣ ምላሴ ብረት ይሆናል። ፊተኛው ጊዜ የሚያልፍ መሆኑን አላውቅም ነበር። አሁን አውቃለሁ፣ አልፎ አይቼዋለሁ። ነቀርሳው ተመልሶ ድምፁን ሳያሰማ ሄጄ ልድገምለት።

እሄዳለሁ። ለተሰማም አሁን ነገርኩት። ስንቄን በራሴ እጅ እያበሰልኩ ነው፣ ያለ ቅባት፣ በልኬ ጨው። ዘይነብ ጎንጎሌዙን በጨርቅ ቋጥራ ደጅ ትጣራለች። ምንትዋብን ምግብ ቤቱን አደራ ማለት ይቀረኛል። ሌላም ልጽፍልህ ነበር፣ ሩዙ ገነፈለ፣ ልሩጥ፣ ደግሞ ዛሬ የምሮጠው ወደ ጓሮ አይደለ—