መርዶ ይዤ የዋልሁባት አርብ

ሐሙስ፣ ጥቅምት ፲፰። ከቀኑ 9 ሰ.

አሊዩ አምባ ደረስሁ። ቁልቁለቱ ጨረሰኝ። ጠዋት የለበስሁት ጋቢ አሁን ሸክም ሆኗል። ኬላው ላይ ለጣልያን ያደረ አስካሪ ወታደር የይለፍ ወረቀቴን ዘቅዝቆ አየና መለሰልኝ። እግ/ር ይመስገን።

ለምን እንደ ወረድሁ ላንተ ልንገርህ፣ ደብተሬ። ሚስቴ ዘሙ ከሞተችብኝ ሦስት ወር ሊሆን ነው። ወንድሟ ያሲን አያውቅም። መንገዱ በጦርነት ተዘግቶ ከረመ። መርዶ ላረዳ መጣሁ።

እንደ ወጉ ወደ ቤቱ አልሄድሁም። መጀመሪያ ሼህ እድሪስ ዘንድ። የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ ዘሙ ለእኔ ብላ ክርስትና ስትነሣ፣ እኔንና ቤተሰቧን ያስታረቁን እሳቸው ናቸው። ሰሙ፤ አለቀሱ። ነገ ገበያም ጁምዓም ነው፣ በእንዲህ ያለ ቀን መርዶ አይነገርም አሉ። ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ከሽማግሌ ጋር። እስከዚያ ከያሲን ደጅ እንዳትደርስ፤ ከተማውን ዞር ዞር ብለህ እይ አሉኝ።

መርዶ ይዞ ሽርሽር! ምን ይባላል?

አርብ። 4 ሰ.

እያየሁ ነው። አሊዩ አምባ በተራራ ጀርባ ላይ የተጫነች ከተማ ናት። የአንዱ ጣራ ከላይኛው ጎረቤት ደጅ እኩል ነው። መንገዱ ድንጋይ፣ ጠባብ፤ ሁለት አህያ አያሳልፍም። ከታች ሜዳው እስከ ዓይን ማብቂያ፣ ማሽላው ቀልቷል። ወፍ የሚያባርሩት ሰዎች ድምፅ እዚህ ድረስ ይሰማል።

ዘሙ ስለዚህ ቦታ ስታወራ ታጋንናለች እል ነበር። አሳንሳ ነው የነገረችኝ።

ገበያው መሐል ግመሎች ተንበርክከዋል። ጨው፣ ጥጥ፣ በርበሬ። አንዲት በርበሬ ሻጭ ላቤን አይታ፣ ደገኛው ሳይበስል ቀለጠ አለች። ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ? ወዲያው አፈርሁ።

7 ሰ.

አዛን ተባለ። ገበያው ባንድ ጊዜ ጭር አለ። ጨው እንደ ተቆለለ፣ ጥጥ እንደ ተዘረጋ፣ ሁሉ ጥሎ ወደ መስጊድ። አንድም የሚነካ የለ። እኔ በቅዳሴ መሐል የበሬዬን ነገር የማስብ ሰው ነኝ። ጌታ ሆይ፣ ይቅር በለኝ።

10 ሰ.

ተያዝሁ። ከመስጊድ ሲወጡ መሸሽ ነበረብኝ፤ ሰውን ሳይ ፈዝዤ ቀረሁ። ወልዴ! አንተ ደገኛ፣ ገደል በላህ ስንል! ያሲን ነው። አንገቴ ላይ ተጠመጠመ። ዘሙስ? አለኝ።

ደህና ናት አልሁ።

መርዶ በመንገድ አይነገርም፤ ወግ ነው። ግን አፌ እንዴት ቀለለው?

እጄን ይዞ ከተማውን አዞረኝ። ሸማኔዎቹ እግራቸውን ጉድጓድ ከትተው ተቀምጠዋል። መወርወሪያው ከእጅ ወደ እጅ ሲበር ዓይን አይከተለውም። ያሲን ራሱ የሠራውን ኩታ አሳየኝ። ጥለቱ ሰማያዊ፤ እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ አይቼ አላውቅም። ይህ የእህቴ ነው፣ አንተማ ጥጥና ገለባ አትለይም አለኝ።

ቤቱ ገባን። ሚስቱ ፋጡማ አርብ መሆኑን ከእኔ ቀድማ አሰበች፤ ጾመኛ ነው ብላ ሽሮ በኑግ ዘይት ሠራች። ከግድግዳው አንዲት ድስት አወረደች። ምንድን ናት ብል፣ የዘሙ ናት አለችኝ። የእስላም ሥጋ ስለማትበላ፣ ለብቻዋ ያስቀመጡላት። አሥራ ሁለት ዓመት ሌላ ነገር አልገባባትም። ለእኔ በእሷ ሠሩልኝ። በላሁ። እንዴት እንደ ዋጥሁት አላውቅም።

ስወጣ ያሲን ድምፁን ዝቅ አደረገ። አምና በጨው ነጋዴ መልእክት ልኬብህ ነበር፤ ጦርነቱ እስኪበርድ ዘሙን ስደድልኝ ብዬ። አልደረሰህም? አለኝ።

አልደረሰኝም አልሁ።

ደርሶኛል፣ ደብተሬ። ከእሷም ደብቄያለሁ። እዚህ ከወረደች ወደ አባቷ ሃይማኖት ትመለሳለች ብዬ ፈራሁ። ነፍሷን የጠበቅሁ መስሎኝ ነበር። ከዚያ አውሮፕላን መጣ፤ መንደራችን ነደደ። ዋሻ ገባን፤ እርጥበት፣ ንዳድ። በአምስተኛው ቀን ክንዴ ላይ አለፈች። የመጀመሪያውን ውሸት ወግ ይሸፍንልኛል። ሁለተኛውን ማን?

12 ሰ.

ለሼህ እድሪስ ሁሉን ነገርኋቸው። እጄን ያዙኝ። ከዚያ፦ ልጄ፣ ሁለት መርዶ ባንድ ጠዋት አይነገርም፤ ሰውየው አንዱን ይቻለው። ሌላውን ለአላህ ተወው።

ደስ አለኝ። እውነቱን ልጻፍ፤ በጣም ደስ አለኝ። ብናገር ያ በር ለዘላለም ይዘጋብኛል። ልጅ የለኝ። የቀረኝ ዘመድ ያሲን ብቻ ነው።

ቅዳሜ። 6 ሰ.

ተነገረ።

አምስት ሽማግሌዎች፣ እኔ ከኋላ። ያሲን በሩን ከፍቶ ሲያየን ገባው። ሼሁ አፋቸውን ሳይከፍቱ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ። ኢና ሊላሂ አለ፤ ደጋገመ። ፋጡማ ጮኸች። ጎረቤቱ ሁሉ መጣ፤ እህል ይዞ፣ ውኃ ይዞ፣ ማንም ሳያዘው። ሐዘንን እንዲህ የሚሸከም ሰፈር አይቼ አላውቅም።

ዋሻውን፣ ንዳዱን እኔው ነገርሁት። ከዚያ ያሲን ትከሻዬን ይዞ ለሰዉ ነገረ። እዩት፣ አለ፤ በዚህ ዘመን፣ በዚያ ገደል፣ ብቻውን ወርዶ በአፉ የነገረኝ። ዋሻ ድረስ ተሸክሞ ያስታመማት። ወላሂ፣ አማች ማለት ይህ ነው።

ሰዎቹ እየመጡ እጄን ይጨብጣሉ። አንድ ሽማግሌ እጄን ሳሙ። ሐዘኑ ሦስት ቀን ነው። ሦስት ቀን እየተመሰገንሁ ልቀመጥ?

አልችልም። ሼሁ ይቆጡኛል፤ ይቆጡኝ። በሩም ይዘጋ። ያሲን ለስግደት ሊታጠብ ጓሮ ወጥቷል። የመታጠቢያ ጀበናውን ይዞ ብቻውን ቁጭ ብሏል። ውኃውን አላፈሰሰም፤ ዝም ብሎ ይዞታል።

ልሂድና…